የኪራይ ቋንቋ

ሐዋሳ ውስጥ ፒያሳ አካባቢ መነጽር ያሠራ ሰው ሁሉ ታቢታ ታደሰን ያውቃታል። ስሟን ባያውቅ እንኳ «ያቺ የምታለቅሰዋ» ብሎ ያውቃታል። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሐኪም የጻፈውን ወረቀት ተቀብላ ሌንሱን ታዛለች፣ ፍሬም ታስመርጣለች፣ ሲደርስም ደንበኛው አፍንጫ ላይ አስተካክላ ታስቀምጣለች። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መነጽሩን ያደረገው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ዛፍ ያይና «ቅጠሉ ለየብቻው ነው እንዴ?» ሲል ታቢታ እንባዋን መያዝ አትችልም። ዕድሜውን ሙሉ አረንጓዴ ጭጋግ ሲያይ የኖረ ሰው ድንገት ቅጠል ሲያይ አጠገቡ መቆም ለእሷ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ስንት ዓመት ሠርታበትም አልለመደችውም።

የሱቁ ባለቤት ኑሪ መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ታስደነግጥብኛለች ብሎ ሠግቶ ነበር። በኋላ ግን ሰዎቹ አብረዋት አልቅሰው ሲያበቁ በሳምንቱ አክስትና አጎታቸውን እያስከተሉ ሲመጡ አየና ዝም አለ። ነጋዴ ነው፤ እንባም ቢሆን ገበያ ካመጣ ምን ይላል።

አማርኛ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ስም አለው፤ ሆደ ባሻ ይለዋል። ታቢታ ሆደ ባሻ ናት። ሐይቁ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ካየች ወሬዋን ታቋርጣለች። ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ቀና ብላ ማየት ያቅታታል። አንድ ሰው ሰላምታውን ትንሽ ካቀዘቀዘባት ደግሞ ምን አጠፋሁ እያለች ቀኑን ሙሉ ስታብሰለስል ትውላለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ከተወለደም ወሬ ከማይቆጥብ፣ አቅፎ ከሚስም ቤት ቢወለድ ጥሩ ነበር። ፈጣሪ ግን ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ከአቶ ታደሰ ግቢ ጣላት።

በዚያ ግቢ እንባዋ ገበያ አልነበረውም። ታላቅ ወንድሟ ክብሩ ገና በልጅነቷ «ቧንቧ» የሚል ስም አወጣላት፤ ዓይኗ እርጥብ ባለ ቁጥር «ቧንቧው ተከፈተ፣ ባልዲ አምጡ» ይላል። እናቷ ወይዘሮ ዓይናለም «አሁን ይሄ ያስለቅሳል?» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አባቷ አቶ ታደሰ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ቃል አላቸው። «ተው» ይላሉ።

«ተው» ነው የሚሉት፤ «ተይ» አይደለም። አቶ ታደሰ ሴት ልጃቸውን ከተወለደች ጀምሮ የሚያናግሯት እንደ ወንድ ነው። ና፣ ብላ፣ የት ነበርክ፣ በሩን ዝጋ። እሷ እሳቸውን «እርስዎ» ትላለች፣ እሳቸው እሷን «አንተ»። የሰፈር ልጆች ይህን ሰምተው «አንተ ታቢታ» እያሉ ስንት ጊዜ አስለቅሰዋታል። ምክንያቱን አጥታው አይደለም። አባቷ የአለታ ወንዶ ሰው ናቸው፣ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፣ አማርኛ የመጣባቸው በኋላ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ እንዲህ የሚናገር ሽማግሌ ሞልቷል። እናቷንም «አንተ» ነው የሚሏቸው፤ እናቷ ለምደውታል። ታቢታ ግን አልለመደችውም። ሴት መሆኔን ልብ ያላሉ ሰው ልቤን እንዴት ልብ ይላሉ ብላ ታስባለች።

የቤቱ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ይህን እሷም አትክድም። የዛሬ አራት ዓመት ሊያገባት የነበረው ሰው ሐሳቡን በቀየረ ጊዜ ምን ሆንሽ ያላት የቤት ሰው አልነበረም። ክብሩ እንኳ ባልዲውን ረሳው። በዚያ ሰሞን እናቷ ዓሣ ጠብሰው አቀረቡ፤ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው ሥጋውን ብቻ ወደ እሷ ገፋ አደረጉና ስለ ውኃ መጥፋት ማውራት ጀመሩ። ታቢታ ዓሣውን በላች። ጣፋጭ ነበር። ግን አንድ ቃል ብትሰማ ዓሣው ከነአጥንቱ ቢቀርብላትም ትመርጥ ነበር።

ስለዚህ ኑሪ አዳማ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት መሆኑን ነግሮ ኃላፊ ሆና እንድትሄድለት ሲጠይቃት ውስጧ ወዲያው እሺ አለ። የፈለገችው ሥልጣኑን አልነበረም፤ ርቀቱን ነው። ቅርብ ሆኖ ዝም ከሚል ሰው ርቆ ዝም የሚል ይሻላል፣ ቢያንስ ሩቅ ስለሆነ ነው ይባላል። ኑሪ እስከ ሰኞ አስቢበት አላት። ለቤተሰቧ አልነገረችም፤ ዕቃዋን ከጫነች በኋላ ልትነግራቸው፣ በዓል ሲመጣም ስልክ ልትደውል፣ ከዚያ በላይ ግን ላትመለስ ቆርጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የሞት መርዶ መጣ። የአባቷ ታላቅ ወንድም አቶ ሽበሺ አርፈዋል።

ሚኒባስ ተኮናትረው ሄዱ። አባቷ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው እስከ አለታ ወንዶ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ይህ ማንንም አልደነቀም። ታቢታ ከኋላ ሆና ስለ አጎቷ ታስባለች። እሷና ክብሩ በልጅነታቸው ሲሄዱ አጎቷ በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው የማይገባትን ብዙ ነገር ይሏት እንደነበር ታስታውሳለች። ልጆቹ ሲዳምኛ አልተማሩም። እናቷ የከምባታ ሰው ናቸው፤ ባልና ሚስቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነበርና ቤቱ በአማርኛ ቀረ።

ግቢው ሞልቷል። ከእንሰቱ አጠገብ ባለው መስክ ላይ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ታቢታ የአክስቷን ልጅ ሩታን አገኘችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሩታ እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ አማርኛዋም ጥሩ ነው። ቀብሩ አልቆ ሰው ጸጥ ሲል አቶ ታደሰ ተነሡ። ታቢታ ደነገጠች። አባቷ በሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ አይታ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጸልዩ ሲባሉ አንገታቸውን ደፍተው ለሌላ ሰው ያሳልፋሉ። ያፍራሉ ብላ ፈራችላቸው።

አባቷ ዙሪያውን አዩና አንድ ቃል ጠየቁ፤ «አፊኒ?»

ክቡ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሩታ በጆሮዋ አስረዳቻት። «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው፤ የእኛ ሽማግሌዎች ወግ የሚጀምሩት እንዲህ ነው፣ ግን ለማንም ዝም ብሎ አይባልም፣ ልቡን ሊያካፍለው ለፈለገ ሰው ነው አለቻት።

ከዚያ አባቷ መናገር ጀመሩ፤ ታቢታም የማታውቀውን ሰው ሰማች። ድምፁ የአባቷ ነው፤ የቀረው ግን ሁሉ ሌላ ነው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆምና ይጠብቃል። እጃቸው አብሮ ይናገራል። አንዴ አንድ ነገር ሲሉ ሐዘንተኛው ሁሉ ከልቅሶው መሐል ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና የሳቁት መልሰው አለቀሱ። ጎረምሶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ታቢታ ቃሉ ባይገባትም ዓይኗን ከእሳቸው አላነሣችም። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር አብራቸው የኖረች ሴት አባቷን ገና ዛሬ አየቻቸው፤ ያ ጭጋግ የመሰላት ዛፍ ለካ ቅጠል ነበረው።

«ምን እያሉ ነው?» አለች እንባዋን እየዋጠች። ሩታም ቀስ እያለች ነገረቻት።

«ሽበሺ፣ ከተማ የሄድኩ ቀን እስከ አስፋልቱ ሸኘኸኝ፣ ጃኬትህን አውልቀህ አለበስከኝ። እኔም ከዚህ ይዤ የሄድኩት ጃኬትህን ብቻ ነው። አፌን አንተ ጋ ነው ያስቀመጥኩት። በመጣሁ ቁጥር ትመልስልኛለህ፣ ስሄድ ደግሞ መልሼ አስቀምጥብሃለሁ። አሁን አፌን ለማን አስረክበህ ሄድክ?»

ታቢታ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ጮክ ብላ አለቀሰች። ወዲያው ግን አፏን ይዛ አቀረቀረች፤ የለመደችውን «ተው» መጠበቋ ነበር። ማንም ተው አላላትም። ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በጣታቸው እያመለከቷት አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሴቶቹም በፍቅር ዓይን አዩዋት።

«የታደሰ ልጅ መሆኗን ማን ይጠራጠራል አሉ» አለች ሩታ። «አጎቴ ታደሰ ልጅ ሆነው እንዲሁ ነበሩ አሉ። የጎረቤት ጥጃ ታመመ ሲባል የሚያለቅሱት እሳቸው ነበሩ።»

ቀጥሎም ሩታ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ታቢታ ብቻ ያልሰማችውን ነገር አወራቻት። አቶ ታደሰ ከተማ ገብተው ፋብሪካ እንደተቀጠሩ አንዲት ሠራተኛን «አንተ» ብለው ጠርተው ክፍሉ በሙሉ ሳቀባቸው። ከዚያም በኋላ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ይሳቅ ነበር። ልጆች ሲወልዱ፣ ልጆቼ እንደኔ አይሳቅባቸውም፣ ጥርት ያለ አማርኛ ይናገራሉ ብለው ለወንድማቸው ማሉ። በሲዳምኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው አለቻት፤ «አቲ»። ለወንዱም ለሴቷም ያው «አቲ» ነው።

ሲመለሱ ታቢታ የአባቷን ማጅራት ከኋላ እያየች መጣች። እሷ እስከ ዛሬ የአባቷን አማርኛና የአባቷን ቅዝቃዜ ሁለት ነገር አድርጋ ነበር የያዘቻቸው፤ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚያስለቅስ። አንድ መሆናቸውን አስባው አታውቅም። አባትና እናቷ ቤቱን በላባቸው ሠርተው የራሳቸው አድርገውታል፤ ቋንቋው ግን የኪራይ ነበር። የተከራየ ሰው ግድግዳ ላይ እንዳሻው ምስማር አይመታም፤ ዕቃውን ጥግ አስይዞ በጥንቃቄ ይኖራል። ለልጆቻቸው ሲሉ በዚያ ጥንቃቄ ሙሉ ዕድሜ ኖሩ። ይህን ስታስብ ፍርሃት ፍርሃት አላት፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አጠገቧ ቆሞ ሳታየው መኖሯ አስደነገጣት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አባቷ ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። እናቷ ወጥ ቤት ናቸው፣ ክብሩ የሚነዳትን ባጃጅ ጎማ ያጥባል። ታቢታ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመችና ስለ አዳማው ሱቅ ነገረቻቸው። ሰኞ መልስ እንደምትሰጥም ነገረቻቸው።

«ሂድ» አሉ አባቷ። «ሥራ ጥሩ ነው።»

ትናንት ቢሆን ይህቺ ቃል ለአንድ ወር ልቅሶ ትበቃት ነበር። ዛሬ ግን አልሄደችም፣ እዚያው ቆመች። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። አንድ ነገር ሊናገሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና ቃል አጥተው ተዉት፤ ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም ተዉት። ሽማግሌው ሰው በልጃቸው ፊት አማርኛ ሲፈልጉ ላብ አጠመቃቸው።

«በዚያኛው ይንገሩኝ» አለቻቸው። «በራስዎ።»

«ቋንቋውን አትሰማም» አሉ።

«ግድ የለም።»

አቶ ታደሰ ከጎናቸው ያለውን በርጩማ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው «ተቀመጥ» አሏት። ተቀመጠች። ትናንት ሽማግሌዎቹን ባዩበት ዓይን አዩዋትና ጠየቁ።

«አፊኒ?»

ክብሩ ጎማውን ማጠቡን አቆመ። ታቢታ ነገ ለኑሪ ሌላ ሰው ፈልግ እንደምትለው ያን ጊዜ አወቀች።

«አልሰማሁም አባዬ» አለች። «ይንገሩኝ።»

አባቷም ጀመሩ። ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለው፣ እጃቸው አብሮ እየተናገረ። ከሚሉት ውስጥ የለየችው የራሷን ስም፣ የሽበሺን ስምና አቲ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ አቲዋ ደጋግማ መጣች። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። አባቷ አዩት። ተው አላሉም፣ ወጋቸውን ቀጠሉ።