የጋራዡ ጣሪያና የደብሩ ጓሳ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ አፈሩ ይቅለላትና ሳታውቀው ሄደች። በየዓመቱ ሑዳዴ ሲገባ ለነፍስ አባቴ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ እየለቀምሁ ስናዘዝ፣ ይህን አንዱን ብቻ አስቀርቼ እመለስ ነበር። የጾምሁት ጾም፣ የሰገድሁት ስግደት ሁሉ ለሌላው ኃጢአቴ ነው። እንግዲህ አንተ የምታነበው ሰው ስማኝ። አታቋርጠኝ፤ ካቋረጥኸኝ ሰበብ መደርደር እጀምራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

እኔ ቤት ከዳኝ ነበርሁ። ከሮብ ገበያ እስከ ማርቆስ ባለው አገር የሣር ክዳን ከተነሣ የቢያድግልኝ ስም አብሮ ይነሣል። እኔ የከደንሁት ቤት አያፈስም። ይህን ስል ዛሬም ደረቴ ይነፋል፤ ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ከተነፋ ደረት ነው።

በጣሊያን ጊዜ ማርቆስ ላይ የካሚዮን ጋራዥ ተሠርቶ ነበር። እኔም እንደ ሌላው ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ጣሪያው ከሲሚንቶ የተሠራ፣ እንደ መደብ ዝርግ ነው። መጀመሪያ ባየሁት ቀን ሳቅሁ። የጎጃም ክረምት ዝርግ ጣሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው እንደ ሠራው ያስታውቃል። ሐምሌ ሲገባ ውሃው ላዩ ላይ ተኛ፤ ተኝቶም አልቀረ፣ ስንጥቅ እየፈለገ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ካሚዮኖቹ ቤት ውስጥ ቆመው ይዘንብባቸዋል። ሠራተኞቹ ካትራሜ የሚሉትን ጥቁር ዝፍት እያፈሉ ስንጥቁን ደፈኑት፤ ብዙም ሳይቆይ በሌላ በኩል አፈሰሰ። ከዚያ ዝፍቱ አለቀ። ቆርቆሮ እንዳይመጣ ደግሞ መንገዱን አርበኞች ዘግተውታል።

ካፖው፣ የሥራው አለቃ ማለት ነው፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይሳደባል። እኔ ከሥር ሆኜ አስተርጓሚውን፦

«ለዚህ ሰውዬ ንገረው። እኔ ብሆን በላዩ እንጨት አቁሜ፣ ተዳፋት አድርጌ፣ በጓሳ ሣር እከድነው ነበር። ጠብታ አይገባም» አልሁት።

ማን ጠየቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም።

ካፖው ሲነገረው ወረደ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ጓሳው ከየት እንደሚመጣ አስጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል። ደብራችን ክዳኑ አርጅቶ ነበር። ምእመኑ ከጮቄ ተራራ ጓሳ እያጨደ፣ በአህያና በጀርባ እያመጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ያወርዳል። ወታደሮች ያገኙትን ሣር ሁሉ ለበቅሏቸው ስለሚወስዱ፣ ጓሳው ከዚያ በሌሊት ተነሥቶ በአያ ጓዴ ጓሮ ተደብቆ ተከመረ። አያ ጓዴ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ፣ የደብሩ ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ቦታውን የምናውቀው እሳቸው፣ ቄሶቹና እኔ ብቻ ነን። እኔም ያወቅሁት ክዳኑን ያለ ዋጋ ልሠራ ተስዬ ስለ ነበር ነው።

ከየት ይመጣል ስባል አላውቅም ማለት እችል ነበር። ከጮቄ ነው ብል አገሩ የአርበኛ ስለ ሆነ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። አልተገረፍሁም። አላስፈራሩኝም። ያ ሰው የእጄን ሥራ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። እስከ ዛሬ ሳገላብጠው ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። የአያ ጓዴን ጓሮ ተናገርሁ። እኔ ተናገርሁ።

ወታደሮቹ ቀጥ ብለው ሄደው ጓሳውን ጫኑት። አያ ጓዴን አልመቷቸውም፤ በሬያቸውንም አልነኩም። የጎዳቸውም ይኸው ነው። ካልሸጠው እንዴት ሳይነኩት ሄዱ ተባለ።

እኔ ጋራዡን ከደንሁት። ሥራው አማረ። ጠብታ አልገባም። ካፖው ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ደስ አለኝ። ደብራችን ውስጥ ቄሶቹ መጋረጃው እየራሰ ይቀድሳሉ፣ እኔን ደስ አለኝ። አገሩ ደግሞ የደብሩን ሣር በገዛ እጁ ለጠላት አስከደኑት እያለ አዘነልኝ። እኔም ሐዘኔታውን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ።

ክረምቱ ሲወጣ አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪገኝ አገር ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት ልማዳችን ነው። እያንዳንዱ እየተነሣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ይምላል። ቄሱ፣ የነፍስ አባቴ ናቸው፣ አውቆ የደበቀ ውግዝ ይሁን አሉ። ተራዬ ደረሰ። በሩን ያዝሁ። አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልተናገርሁም ብዬ ማልሁ። አያ ጓዴም ማሉ። እሳቸው ግን አለቀሱ፤ አገሩም እንባቸውን በጥፋት ያዘባቸው።

ከዚያ ወዲያ በማኅበር ጽዋው ሲዞር እሳቸውን ይዘል ጀመር። ልጃቸውን የሺን ያጩት ሰዎች ነገሩን ትተውት ቀሩ። አንድ ቀን ሳርስ አያ ጓዴ መጥተው ከድንበሩ ላይ ቆሙ።

«ቢያድግልኝ፣ አንተን ሰው ያምንሃል» አሉኝ። «ጓዴ ይህን አያደርግም በልልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«እኔ ምኑን አውቄ፣ አያ?»

«እኔን አታውቀኝም?»

ዕርፌን ጨብጬ በሬዎቼ ላይ ጮህሁ። ትልሜን ጨርሼ ስዞር ሄደዋል።

የቱ ነው የሚብሰው? ጓሮውን ስናገር ትዕቢተኛ ነበርሁ፤ በሩን ይዤ ስምል ፈሪ ነበርሁ። በዚያ ድንበር ላይ ግን ምን ነበርሁ? ስም አላገኘሁለትም። አንተ ካገኘህ ስጠው።

አያ ጓዴ የጣሊያንን መውጣት ሳያዩ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ለዚህም ተመሰገንሁ።

አሁን የጋራዡ ክዳን በስብሶ ወርዷል፤ ዝርጉ ጣሪያ እንደ ድሮው ያፈሳል። ደብራችንም ቆርቆሮ ለብሷል። ነገሩ የተረሳ መስሎኝ ነበር። በቀደም ምንጩ አጠገብ ሳልፍ አንዲት ሴት በውሃ ተራ ተጣልታ የሺን «የጓሳ ሻጭ ልጅ» ስትላት ሰማሁ። የሺ ጠጉሯ ሸብቷል። እንስራዋን አዝላ ሄደች። እኔም እንደ ልማዴ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍሁ። ቤቴ ገብቼ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እነሣለሁ። በደለኛ በአገራችን እንደሚያደርገው በትከሻዬ ድንጋይ ተሸክሜ፣ በሐሰት በማልሁበት በር ላይ እቆማለሁ። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አልነበርሁም። ጊዜው ክፉ ነበር አልልም፤ ጊዜው ለአያ ጓዴም ክፉ ነበር። ጓሮውን ያሳየሁት እኔ ቢያድግልኝ ነኝ፣ አያ ጓዴ ንጹሕ ነበሩ እላለሁ። ከእንግዲህ በየምንጩ በአባታቸው ስም የሚሰደቡት የእኔ ልጆች ይሆናሉ። ይህንንም አስቤዋለሁ፤ አልመለስም።

ድንጋዩን አውርዳ ይቅር ማለት የሚገባት የሺ ናት። ካወረደችልኝ እግሯን እስማለሁ። ትታኝ ወደ ቤቷ ብትሄድ ግን አልጠራትም፤ ሽማግሌዎች መጥተው እናውርድልህ ቢሉኝም እምቢ እላለሁ።