አባቴና የቦምቡ ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት ከኔታንያ ገበያ ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ፣ አንድ በያጅ የሱቅ በር ሲጠግን አየሁ። የጋለ ብረት ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። እግሬ በቃ ቆመ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፤ እኔ ግን ከነፌስታሌ ወደ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ተመልሻለሁ፤ የኔታንያው ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአባቴ ጎን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ አስተማሪያችን አይተሽ አንድ ገጽ ጻፊ ብላ የቪዲዮ ካሴት አዋሰችኝ። ፊልሙ ከተማን ባንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቦምብ ስለ ሠራ ሳይንቲስት ሕይወት ነበር። ክረምት ነው፤ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣ ማሞቂያው የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። አባቴ ከሳፒር፣ ካርቶን ከሚያጥፍበት ፋብሪካ፣ ገና መግባቱ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማይችል ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ እያነበብሁ ባማርኛ የምነግረው እኔ ነበርሁ።

በትርጉም እንኳ ማን ይችለኛል? ሐኪም ቤትም ትምህርት ቤትም የአባቴ አፍ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሲቆጣ አለሰልሰዋለሁ። አስተማሪዋ «ታወራለች» ስትል፣ «ትሳተፋለች» ብዬ እተረጉማለሁ። ውሸት አይመስለኝም ነበር፤ ዓሣውን አጥንቱን አውጥቼ እንደማጉረስ ነበር የምቆጥረው።

አባቴ ፊልም ሲከፈት ያንቀላፋል። ያን ቀን ግን ሰዎቹ ብረት ማቅለጥ ሲጀምሩ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳበ።

«ይኸ ብረት በምን ጋለ? እኛ ፋብሪካ ያለው ማሽን እንኳ እንዲህ አያግልም። ወናፉን ማን ነው እሚነፋው?»

«ሬጋ፣ ቆይ አባ። ወናፍ ምንድን ነው?»

«እሳት እሚያናፍሱበት የቆዳ ከረጢት ነዋ።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ቀጥቃጭ ነበርሁ» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

እስከዚያች ቀን ድረስ «ገበሬ ነበርሁ» ነበር የሚለን። አባቴ በመጣበት በጎንደር ቀጥቃጭ የሚለው ቃል በእኛ በቤተ እስራኤሎች ላይ ከቡዳ ጋር አብሮ የሚወረወር ስድብ እንደ ነበር በምን ልወቅ? እኔማ በጉጉት ልፈነዳ! ካሴቱን አቁሜ ጥያቄ አዘነብሁበት። ማረሻ ትሠራ ነበር? አዎ። ማጭድ? አዎ። ጦርስ?

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አንድ ሰውዬ ለነብር ነው ብሎ አሠራኝ» አለ በመጨረሻ። «ለነብር አልነበረም። በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን ወጋበት። ሟቹን አውቀዋለሁ፤ ማረሻውን እምሠራለት እኔ ነበርሁ።»

በእኛ ወግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በውሃ ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። አባቴ ሬሳውን በዓይኑም አላየው። ግን ከመንደሩ ዳር ጎጆ ቀልሶ ብቻውን ተቀመጠ። ቄሱ መጥተው «ምን ነክተህ ነው? ግባ እንጂ» ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ሰባቱ ቀን አልበቃው ብሎ አንድ ወር ቆየ።

«በይ ክፈችው» አለኝ። «ይኸ ሰውዬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ልየው።»

ቦምቡ ሲወድቅ አባቴ አፉን በእጁ ያዘ። በፊልሙ መጨረሻ ሳይንቲስቱ ሸምግሎ፣ ከሰው በራቀ የእንጨት ቤት ብቻውን ይኖራል። ሊጠይቁት የመጡትን ከደጅ ይመልሳል። አንዱ ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው ወደ ኋላ አለ፤ ጽሑፉም ከታች ሮጠ፦ እጄን ለሰው መስጠት ከተውሁ ብዙ ዓመቴ ነው።

«ምን አለ?» አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ይኸም ሰው ተለየ እንዴ?»

ድምፁ እንደዚያ ሲለማመጥ ሰምቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው። የሰውዬውን ሥቃይ ከሰማ የባሰ የሚጨነቅ መሰለኝ።

«የለም አባ» አልሁት። «ጦርነቱ ስላለቀ ደስ ብሎኛል ነው ያለው። ሰው ሁሉ አክብሮት ነው የኖረው። ቤቱንም የሸለሙት ነው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«እንዲያ ከሆነ እኔ ብቻ ነኛ» አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። እኔ አጽናናሁት ብዬ ደስ እያለኝ የቤት ሥራዬን ጻፍሁ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። ስለ ቀጥቃጭነቱ በጠየቅሁት ቁጥር ግን «ገበሬ ነበርሁ» ማለቱን ቀጠለ። በዚያ ዝናብ የፈለገው የእሱን ዓይነት አንድ ሰው እንደ ነበር፣ ያንንም ሰው ከፊቱ የወሰድሁበት እኔ መሆኔን የተረዳሁት አድጌ ነው። ያን ጊዜ አባቴ በሕይወት ነበር።

ከካሴቱ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ማታ ማታ እራት አብረን እንበላ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አባ፣ ዋሽቼሃለሁ፤ ሰውዬውም ተለይቶ ነበር» አላልሁትም።