በመርዶ ሰዓት የተገኘች እህት

አባቴ የጡት ልጅ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ከደቡብ በኩል የመጣ አንድ ነጋዴ እጁን ይዞት ልደታ ሠፈር ይገባል፤ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ቤት «ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ነጋዴው በዚያው ቀረ። ይሙት፣ ይታሰር፣ ያወቀ የለም። ባልና ሚስቱ ጠብቀው ጠብቀው ሽማግሌ ጠሩና አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡት። ልጃቸው ሆነ። እኔም ከእነሱ በቀር አያት አላውቅም።

አባቴ ስለ ወለዱት ሰዎች አፉን ከፍቶ አይናገርም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ብጠይቀው፣ «ያሳደገችኝ ተቀምጣ እየሰማች? ጡት ነካሽ ልታደርገኝ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ዳግመኛ አልጠየቅሁም።

ሴት አያቴ በደርግ ዘመን አረፉ። ተዝካራቸው በወጣ ማግስት አባቴ እኔ ወደምሠራበት ጎሚስታ ቤት መጣ። አስም ነበረበትና አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጬው ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅሁት።

«እህት ነበረችኝ» አለኝ።

«የት?»

«አገር ቤት ነዋ። እሷ ነበረች የምታዝለኝ። ግራ እጇ ላይ ስድስት ጣት ነበራት፤ ትንሿን ጣት ይዤ ነበር የምተኛው። ሳልሞት ባያት ደስ ይለኛል።»

የአገሩን ስም አያውቀውም። ቋንቋውንም ረስቶታል። ደጃቸው ላይ እንሰት እንደነበረ ብቻ ትዝ ይለዋል። እንግዲህ እኔ ይዤው የወጣሁት ይኸንኑ ነው፤ እንሰትና ስድስት ጣት። እሑድ እሑድ አብነት ሠፈር እየወረድኩ ከደቡብ የመጡ ነጋዴዎችን እጠይቃለሁ። አንዱ ባለሱቅ ሳቀብኝ፤ «አንተ ሰውዬ፣ የምትፈልገው ሰው ነው ወይስ ጣት?» ሌላው ደግሞ ቀበሌ የላከኝ መስሎት መዝጊያውን ዘጋብኝ። አልፈርድበትም፤ ያኔ ሰው ስለ ሰው ሲጠይቅ ያስፈራ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ጥያቄዬን እስከ ዳር ሰማችኝ። «ጠመንጃ ያዥ ሠፈር በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጣታቸው እንዳልከው ነው። ወንድማቸው በጣሊያን ጊዜ እንደጠፋ ሲያነሱ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። «ጠመንጃ ያዥ? ይኸ እዚህ ያለው?» አለ። «ስንት ዓመት በዚያ ስመላለስ!»

የእድራችን ሽማግሌዎች መከሩበት። ሴትዮዋ ወንድማቸውን ድንገት ደጅ ላይ ቢያዩት ይደነግጣሉ፣ አስቀድመን ሦስት ሰው እንላክ፣ ገበያ ሳይወጡ በማለዳ ይድረሱባቸው ተባለ። ጥሩ ምክር ነበር። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሁለቱ ሽማግሌዎችና እኔ ወጣን። ብርድ ስለነበረ ጋቢ ተከናንበናል። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ቤት ቀረ።

በሩን አንኳኳን። አንዲት አጭር ሴትዮ ከፈቱልን። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ጋቢያችንን አዩ።

«ወይኔ ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ተወረወሩ።

አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘምቶ ኖሯል። እኛ አላወቅንም። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን ሰው ቤት የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ መሆኑን ከሦስታችን አንዳችን አላሰብነውም፤ የምሥራች ይዘናልና። አንዱ ሽማግሌ «መርዶ አይደለም! ደስታ ነው እመት!» ይላሉ፤ ማን ይስማ! ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደረት ይመታል። እሳቸው ፊታቸውን እየነጩ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ።

እየቆየ ነገሩ ሲገባቸው አንዲት ጎረቤት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊታችን ቆመች። «ታዲያ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ተከናንባችሁ፣ ሦስት ሆናችሁ ለምሥራች መጣን ትላላችሁ? እናንተ አገር ሠርግ በምን ሰዓት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ሴትዮዋን አስገብተን ውኃ አጠጣናቸውና ነገርናቸው። ቀስ ብለው ነው የሰሙት።

«ያ ልጅ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ እማማ። አባቴ ነው። ልደታ ነው ያለው።»

«እዚህ ልደታ?» አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «እናታችን አገር ምድሩን ስታስፈልገው ኖራ ነው የሞተችው።»

«ተነሥተን እንሂድ፤ እየጠበቀዎት ነው» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አነሡ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ግን እዚያው ቁጭ አሉ። «አልሄድም» አሉ። «ልጄን በቁሙ አለቀስኩበት። ሟርት አወጣሁበት። ደኅንነቱን ሳልሰማ ለደስታ ከዚህ ደጅ አልወጣም፤ ለደስታ የሚመጣም አላስገባም። ለእመቤቴ ተስያለሁ። ወንድሜ ይታገሠኝ በሉት።»

ስንመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላችን ሰው እንደሌለ ሲያይ ገባው። የሆነውን ነገርኩት። ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና፣ «ልክ ናት» አለ። «እኔም ብሆን አልመጣም።»

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። እሳቸው በቅቤ ነጋዴዋ እጅ በርበሬ ይልኩለታል፤ እሱ ስኳር ይልክላቸዋል። ማታ ከሥራ ስገባ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ከልጇ ወሬ መጣ?» አልመጣም። እኔ አንድ ቀን ተናድጄ፣ «የገዛ እህትህ ናት፤ በር ገፍተህ ግባ እንጂ!» ብለው፣ «ስለቷን አፍርሼ ልጇ ቢሞት፣ በየትኛው ዓይኗ ታየኛለች?» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ከዘራውን ይዞ እስከዚያ ሄዶ ከሩቅ አይቷቸው ተመለሰ። «ጀርባዋን አየሁት። ጎብጣለች» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ መርዶው መጣ። መርዶ ነጋሪዎቹ የመጡት በዚያው ሰዓት፣ እንደዚያው ጋቢ ለብሰው ነው አሉ። ልጁ ከሞተ ሰነባብቷል። እኛ ያን ቀን በሩን ስናንኳኳ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ኮቱን ሳይሆን ጋቢውን ለበሰ። «ስለቱ ለደስታ ነው። ለለቅሶ አልከለከለችኝም» አለኝ። ደግፌው ሄድን። ድንኳን ተተክሏል። ያቺ የተቆጣችን ጎረቤት አየችንና ምንም ሳትል ሰዉን ከፍላ መንገድ ሰጠችን። አባቴን ከለቀስተኛው መሐል አላስቀመጠችውም። ይዛው ገብታ ከሐዘንተኛዋ ጎን፣ አጎት በሚቀመጥበት፣ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። የሚመጣው ሰው ሁሉ ለሁለቱም አንድ ላይ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት ጀመረ።

አክስቴ ቀና ብለው አላዩትም። ሴቶቹ በአገራቸው ቋንቋ ሙሾ ያወርዳሉ፤ እሳቸው ይቀበላሉ። አባቴ ቃሉ አልገባውም። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ እንደሚጮኽ አያውቅም፣ አንድ ጊዜ ሁሉም ዝም ሲል ድምፁ ብቻውን ወጣ። አፍሮ አቀረቀረ። ወደኔ ዞሮ፣ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? እኔስ መች አውቃለሁ።

ያኔ አክስቴ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

«ወንድሜ» አሉት በአማርኛ፣ «አንተ በምታውቀው አልቅስ።»

አለቀሰ። ትንፋሹ እያጠረው፣ ያላየውን የእህቱን ልጅ እየጠራ አለቀሰ። ሴቶቹም ሙሾአቸውን አቁመው እሱን ጠበቁት።