የሣር ክዳኑ ቤት እመቤት

በእንግሊዝ ገጠር ያለው የእኛ መንደር በበጋ ከነዋሪው ጎብኚው ይበዛል። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ዳክዬዎቹንና ጉብታው ላይ ያለውን ፍርስራሽ ግንብ አይቶ ሲያበቃ፣ ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ባለው የሣር ክዳን ቤት ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን አሮጊት ፎቶ ያነሳል። እኔም ምስላቸው ያለበትን ፖስትካርድ እሸጣለሁ፤ ከምጋግረው ኬክ ይልቅ የሚሸጠው እሱ ነው።

ሴትዮዋ ያውቁበታል። የጎብኚዎች መኪና ሲቆም ባርኔጣቸውን ያስተካክሉና ኪሮሻቸውን ያነሳሉ። ከዓመት ዓመት የሚሠሩት ያንኑ አንድ የሹራብ እጅጌ ነው።

"ቤትዎ እንዴት ያምራል! ውስጡን ማየት ይቻላል?" ይሏቸዋል።

"ዛሬ አልጠረግሁም የኔ ልጅ።"

የተወለዱት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ግን አከራዩ ቤቱን ለለንደን ሰዎች ሸጠው፤ ለእሳቸው ከተማ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተሰጠቻቸው። ጠዋት በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሷ ባለቤት ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለች። አሮጊቷ ደንግጠው ሊነሱ ሲሉ፣ "ኧረ ይቀመጡ! ቤቱን አሳመሩልን እኮ" አለቻቸው። "ነገም ይምጡልኝ፤ እንግዶች አሉብኝ።"

"እሁድ አውቶቡስ የለም።"

"አውቶቡስ? የመንደሩ ሰው አይደሉም እንዴ?"

አሮጊቷ ክራቸውን እየጠቀለሉ ቀና ብለው ቤቱን አዩት።

"አይ፣ የመንደሩ ሰውስ አንቺ ነሽ" አሏት።