የተተረተረ ጠርዝ

እናቴ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ ደክሟል ቢባልም መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ አንድ ሙከራ ይበቃታል። ታዲያ ይህች ሴት ጡረታ ከወጣች ወዲህ በየሁለት ሦስት ወሩ የገዛ ቀሚሷን ጠርዝ ትተረትርና በፌስታል ጠቅልላ፣ «ለአክስትሽ ውሰጂላት፤ ተቀደደባት በያት» ብላ ትልከኛለች። አክስቴ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። እህትማማቾቹ ከተኳረፉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ድሮ ሁለቱም አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ባለቤቱ ጥሎ ጠፋ፤ ሠራተኞቹ ሥራውን ራሳቸው ያዙት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አለቃ የሚባል አልነበረም። ደወሉን በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ይደውላል፤ ስንት ሸሚዝ እንደሚሰፋ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ይወስናሉ። «ስለ ክር ቀለም ብቻ ግማሽ ቀን እንጨቃጨቅ ነበር» ትላለች እናቴ። ይህን ስታወራ ግን ፊቷ ይበራል።

ከዚያ ፓርቲው የማርክሲዝም አስተማሪ ላከ። ሰውየው አንድ ሸሚዝ አንሥቶ፣ የሸሚዙ ዋጋ በውስጡ ያለው የሥራ ሰዓት ነው ብሎ አስረዳ። አክስቴ እጇን አወጣች። ሠራተኛው «መጽሐፏ» የሚላት እሷን ነበር፤ መንግሥት በማንም እጅ ቢገባ ያው ነው የሚሉትን የአናርኪስቶች ጽሑፎች ካገኘች እህል ውኃ አያሰኛትም።

«መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እትዬ ናት» አለች ወደ እናቴ እያሳየች። «እኛ እዚህ ስንውል የእትዬን ልጅ የምታሳድገው እናታችን ናት። የነሱ ሰዓት የትኛው እጅጌ ውስጥ ነው ያለው? ደግሞስ ሰዓቱን የሚቆጥረው ማነው? ቆጣሪው አይደል ነገ ጌታ የሚሆንብን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው አልሳቀም። መንግሥቱን ፓርቲው የሚይዘው ለጊዜው እንደሆነ፣ ሥራውን ሲጨርስ በራሱ እንደሚከስም ተናገረ።

«ወንበር ይዞ በራሱ የተነሣ ሰው እስቲ አንድ ይጥሩልኝ» አለች አክስቴ።

ወንበሩ የተሰጠው ለእናቴ ነበር። ሥራ አስኪያጅ፣ ለስድስት ወር ብቻ።

«እኔ እኮ ነኝ፤ ባዳ አይደለሁም» አለቻት እናቴ።

«እሱ ነው ያስፈራኝ፣ እትዬ። ባዳ ቢሆን እጠላው ነበር።»

ስድስቱ ወር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቀለ። አክስቴ በየጠዋቱ አግዳሚ ላይ ወጥታ ታቆመዋለች፤ ጥበቃው ከሰዓት በኋላ ያስነሣዋል። በመጨረሻ ከበላይ የስንብት ደብዳቤዋ መጣ፤ እናቴ ፈረመችበት። «እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርም ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ፣ ማንም ሳይጠይቃት። እውነቷን ነው። የፈረመችው ግን እሷ ናት፤ ይህንንም ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ፌስታሉን ፈታ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ሌላ ጊዜ ቃል ሳትተነፍስ ሰፍታ ነበር የምትመልሰው።

«ይሄ የት ተቀዶ ያውቃል?» አለች። «እንዲህ አንድ ክር ሳትበጥስ የምትተረትር እትዬ ብቻ ናት። ይሄን ሁሉ ዓመት ሞኝ መስያት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀችና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ መርፌ ውስጥ ክር አስገብታ፣ የተተረተረው ጠርዝ ላይ ሰካችና ቀሚሱን ሳትሰፋው መለሰችልኝ።

«መጥታ ራሷ ትስፋው። አግዳሚው ላይ ቦታ አለ በያት።»

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። መርፌውን ነቅላ አየችው፤ መልሳ እዚያው ቦታ ሰካችው። እህቷ እንዲህ እንደምትናፍቃት አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

«ስንት ሰዓት ነው ሥራ የሚገቡት?» አለችኝ።

«ሰዓት የላቸውም፣ እማዬ።»

«ታዲያ በስንት ሰዓት ልድረስ? ማርፈድ እኮ አልወድም።»