ለበራሪው ዘመድ ፍለጋ

የሥራ ባልደረቦቿ «ምንቃር» ይሏታል። ዕድሜዋን የፈጀችው የጥንት እንስሳት መንጋጋ ስትመረምር ነውና ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፤ እሷም አልከፋትም።

አንድ ቀን የሙዚየሙ የምርምር ኃላፊ የቴሮሶር መንጋጋና የአንገት አጥንት ያለበት ድንጋይ አመጣላት። ቴሮሶር በዳይኖሰሮች ዘመን በቆዳ ክንፍ ይበር የነበረ፣ ወፍም የሌሊት ወፍም ያልሆነ እንስሳ ነው። ኃላፊው አዲስ ዝርያ መሆኑን ጽፎ አሳውቋል፤ የቀረው ዘመዶቹን መለየት ነበር። እሱ በልቡ ጨርሶታል፦ አንገቱ ረጅም፣ አፉ ጥርስ አልባ፤ እንግዲህ ከጥርስ አልባዎቹ ወገን ነው። እሷን ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። መንጋጋው ለጥርስ አልባ ወፈረባት።

አብረዋት የሚኖሩት አባቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በማግስቱ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያደርጉ ለቁርስ ቀረቡ። ጉንጫቸው ጎድጉዶ ሌላ ሰው መሰሏት። ትክ ብላ አየቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ጠፋሁብሽ?»

«አባዬ፣ ጥርስዎ ሲወልቅ ጉድጓዱ ወዲያው ነው የገጠመው?»

«የት ይገጥማል! ሩዝ እየገባበት አሳሬን አበላኝ እንጂ።»

ዳቦዋን ሳትጨርስ ወጣች። መንጋጋውን ማጉያ ሥር አድርጋ ጠርዙን በመርፌ ትፍቅ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ከአጥንቱ ትንሽ የጠቆረ ክብ ነጥብ አገኘች። ስትፍቀው ወደ ታች ጎደጎደ፤ አጠገቡም ሌላ አለ። ጥርሶቹ ረግፈው ቦታቸውን ጭቃ ሞልቶት፣ ጭቃውም ከአጥንቱ ጋር ድንጋይ ሆኖ ኖሯል።

ኃላፊውን ጠራችው። የገዛ ጽሑፉን ማረም ለማንም አይጥምም፤ መጀመሪያ ስንጥቅ ነው ብሎ ሞገታት። ኋላ መርፌውን ተቀብሎ ሦስተኛውን ጉድጓድ ራሱ አወጣ።

በዚህ ግን አላለቀም። የአጥንቶቹን ባሕርይ ከሌሎች ቴሮሶሮች ጋር በኮምፒውተር ሲያነጻጽሩ በመንጋጋው ከባለጥርሶቹ፣ በአንገቱ ከጥርስ አልባዎቹ ሆነ። ደጋግመው ቢሞክሩም ያው ነው። በመጨረሻ፣ ጥርስ አልባዎቹ ከባለጥርሶቹ ከመለየታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ከተገነጠለ ቅርንጫፍ ሳይሆን አይቀርም፣ የራስ ቅሉ እስኪገኝ ግን ቁርጡ አይታወቅም ብለው ጻፉ።

ማታ አባቷ እንስሳው የማን ዘር ሆኖ እንደተገኘ ጠየቋት።

«የአጎት ልጅ ነገር ነው አባዬ። የማን የአጎት ልጅ እንደሆነ ነው የቸገረን።»

በሳምንቱ፣ ከማጉያዋ ተነሥታ የማታውቀው ምንቃር የራስ ቅሉን ፍለጋ ድንጋዩ ወደተገኘበት ገደል ከቆፋሪዎቹ ጋር ልሂድ ብላ ጠየቀች። ኃላፊው ፀሐዩን ትችይዋለሽ ወይ ሲላት፣ ባርኔጣ ገዝታ ጨርሳ ነበር።