በደብሊን የሰጠሁት ምስክርነት

ባለፈው እሁድ እዚህ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ተጠርቼ ነበር። ቤዛ የምትባል የሠፈራችን ልጅ ሥነ ጽሑፍ ልትማር ወደ ደብሊን ልትሄድ ስለሆነ ሽኝት ተዘጋጅቶላታል። እኔም «እዚያ የተማረ ሰው» ተብዬ ጥቂት እንድናገር ታዘዝኩ። ከእኔ በፊት የተነሡት ሁሉ ያቺ ከተማ ታላላቅ ደራሲዎችን እንዳፈራች፣ ቤዛንም ደራሲ አድርጋ እንደምትመልሳት አረጋገጡ። ደብሊንን የማያውቃት ሰው ደራሲ እንደ ፍሬ የሚለቀምባት የአቮካዶ ማሳ ትመስለዋለች። ተራዬን ስጠብቅ የራሴ የመጀመሪያ ክረምት ትዝ አለኝ።

በወጣትነቴ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ደብሊን ስገባ፣ ከተማዋ እጄን ይዛ የምታጽፈኝ መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ብርድ ነው። ዝናቡ ከላይ አይወርድም፤ በጎን ይመጣል። ፀሐይዋ ገና በዘጠኝ ሰዓት ለመሄድ መሰናዳት ትጀምርና በአሥር ሰዓት ትሄዳለች። ምሳ ድንች፣ እራት ድንች። በየግድግዳው እገሌ እዚህ ኖረ፣ እገሌ እዚህ ጠጣ የሚል ጽሑፍ አለ፤ የጠጡት ይበዛሉ። ያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ነፋሱ ሲዞር ከወንዙ ማዶ ካለው የቢራ ፋብሪካ የሚቆላ ገብስ ይሸታል። ያኔ ድልድዩ ላይ እቆምና የሐይቃችንን ዳር፣ የቆሎ ሻጮቹን ብረት ምጣድ አስባለሁ። ያን ሁሉ ደራሲ ያስጻፈች ከተማ ለእኔ የምትሰጠኝ ሐዋሳን ብቻ ነበር።

መምህራችን ሽበታም፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። የብርዱ ወራት ሳያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ የታወቀ ደራሲ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ ከተማዋ ምን እንዳደረገችለት የጻፈውን እንዲያነብ ታደርግ ነበር። ለሁለተኛው ዓመት የሚያሳልፈን ፊርማዋ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ፊርማውን ካላገኘሁ ወደ አገሬ መመለሴ ነው። ልብ ወለድን ከዓለም ከንቱነት የሚቆጥረው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አባቴ ደግሞ ሲሸኘኝ የጀመርከውን ሳትጨርስ እንዳትመጣ ብሎኛል።

ቀኑ ደረሰ። በመጀመሪያ ማርኮስ የሚባል ብራዚላዊ ጓደኛችን አነበበ። ዕውር ነበርኩ፣ ጭጋጉ ዓይኔን ከፈተው፤ ዲዳ ነበርኩ፣ ወንዙ አንደበት ሰጠኝ እያለ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሲጨርስ ያደግኩበት ልማድ ቀደመኝና ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም፤ ቀልደኛው ተራው ሲደርስ እናየዋለን አለች። እኔ ግን አልቀለድኩም። የሰማሁት በልጅነቴ በየእሁዱ የሰማሁትን ምስክርነት ነው፤ ጌታ ወጥቶ ከተማ ገባበት እንጂ ቃሉ አልተለወጠም። የባሰው ደግሞ በኪሴ የያዝኩት ጽሑፍ ከዚያ የማይለይ መሆኑ ነው። ጭጋግም ነበረበት።

ያን ጊዜ እህት አየለች ትዝ አለችኝ። ሐይቃችን ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ገበያ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን ነበረች። ልጇ ከቤት ወጥቶ ወሬው ጠፍቷል። አንድ እሁድ ጸሎታቸው የተመለሰላቸው ሰዎች ተራ በተራ ሲመሰክሩ እሷም ተነሣች።

«ለእኔ እስካሁን ምንም አልሆነልኝም» አለች። «ልጄ አልመጣም። ግን እየጠበቅሁ ነው፤ ከዚህ አልሄድም።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ምስክርነት በፕሮግራሙ ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ብቻ ከፊት ወንበር ቀስ ብሎ «አሜን» አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የዚያችን ሴት ቃል ያህል ያመንኩት ግን ጥቂት ነው።

ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን ከኪሴ አላወጣሁም። «ይህች ከተማ እስካሁን ምንም አላደረገችልኝም» አልኩ። «የገብስ ሽታዋ አገሬን ያስታውሰኛል፤ ሌላ ያገኘሁት የለም። የሌላ ሰው ቃል ተውሼ ግን አገኘሁ አልልም። እየጠበቅሁ ነው፤ አልሄድም።»

ዝናቡ በጎን መጣ። መምህሯ ኮሌታዋን ወደ ላይ ስባ አየችኝ።

«እስከ መቼ ትጠብቃለህ?»

«ቪዛዬ እስኪያልቅ።»

ከኋላዬ ማርኮስ ብድሩን መለሰ፤ «አሜን» አለ። መምህሯ ያን ክረምት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ፊርማዬንም አገኘሁ፤ በሚቀጥለው ግን ረዘም አድርገህ ጻፍ ተባልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እያስረዘምኩ ነው።

እሁድ ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ለቤዛ ያለኝን ነገርኳት። የመጀመሪያው ክረምት ምንም ላይሆንልሽ ይችላል፤ ያልሆነልሽን ሆነልኝ አትበዪ፤ ጠብቂ እንጂ ጥለሽ አትምጪ አልኳት። እኔ የጠበቅሁት የመጣው ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዛሬ ሐይቁ ዳር ገብስ ሲቆላ የሚታየኝ ያ የደብሊን ድልድይ ነው፤ ዝናቡም በጎን ይመጣብኛል፤ የምጽፈውም ያን ነው።

ፓስተሩ ሰዓቱን አየ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው የቤዛ እናት ግን፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ደራሲዎች ከተማ ሲነገራት ከልጇ ላይ ዓይኗን ያላነሣችው፣ የልጇን እጅ ይዛ ቀስ ብላ «አሜን» አለች።